አዲስ ገቢ ወጣትን ከከተማ የቴክኖሎጂ ማኅበረሰብ ጋር ማገናኘት፦ ከአዲስ አበባ አንድ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን እንደተመዘገበ

በየዓመቱ ከክልል ዩኒቨርሲቲዎች በኮምፒውተር ሳይንስ፣ በሶፍትዌር ምሕንድስና እና በኢንፎርሜሽን ሲስተምስ የተመረቁ ብዙ ወጣቶች ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ይመጣሉ። የከተማዋን የቴክኖሎጂ ማኅበረሰብ ከመምጣታቸው በፊትም በሩቁ ያውቁታል፤ የቴሌግራም ቻናሎቹን ይከታተላሉ፣ የሃካቶኖቹን (በአጭር ቀናት ውስጥ በቡድን ሶፍትዌር የሚሠራባቸውን ውድድሮች) ፎቶግራፍ አይተዋል፣ የታወቁ ጀማሪ ኩባንያዎችንም ስም ይጠራሉ። ከተማዋ ከገቡ በኋላ ግን ያ በስልክ የሚያውቁት ማኅበረሰብ የት እንደሚገኝ፣ በማን በኩል እንደሚገባበት፣ ከገቡ በኋላስ ምን እንደሚሠራበት የሚነግራቸው ሰው ያጣሉ። አንዳንዶቹ ከወራት በኋላ መንገዱን ያገኙታል፤ ሌሎቹ ተስፋ ቆርጠው ከሙያቸው ውጪ ባገኙት ሥራ ይሰማራሉ።

እዚህ የቀረበው የአንድ እንዲህ ያለ ወጣት ጉዳይ ነው። እኔ ጉዳዩን የተከታተልኩት ቅዳሜ ቅዳሜ በሚገናኝ አነስተኛ የሶፍትዌር አበልጻጊዎች ቡድን ውስጥ በበጎ ፈቃድ ከሚያገለግሉት አንዱ ሆኜ ነው። ወጣቱ ጉዳዩ እንዲጻፍ ፈቅዷል፤ ስሙ፣ የተማረበት ዩኒቨርሲቲና አሁን የሚሠራበት ድርጅት ግን አልተጠቀሱም። ጉዳዩን መመዝገብ ያስፈለገው አንድ ነገር በግልጽ ስላሳየን ነው፦ ግብዣ ብቻውን ሰውን ወደ ማኅበረሰብ አያስገባም፤ የሚያስገባው የእርሱን እጅ የሚጠብቅ ሥራ እና ቢቀር «የት ጠፋህ?» ብሎ የሚደውል ሰው ነው።

ዳራ

የአዲስ አበባ የቴክኖሎጂ ማኅበረሰብ አሁን ያለውን መልክ የያዘው ባለፉት ዐሥራ አምስት ዓመታት ገደማ ነው። ለቴክኖሎጂ ጀማሪዎች መገናኛና መሥሪያ የሆነው አይስአዲስ እ.ኤ.አ. በ2011 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ግቢ ውስጥ ተመሠረተ። በሰው ሠራሽ አስተውሎት ላይ የሚሠራው አይኮግ ላብስ እ.ኤ.አ. በ2013 ተከተለ፤ ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን የመሠረቱት ብሉሙን ደግሞ ለጀማሪ ሥራ ፈጣሪዎች ማደጊያ ሆኖ መጣ። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋር ሥራውን የጀመረው ኤቱኤስቪ ተማሪዎችን ለታላላቅ የዓለም የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የቅጥር ፈተና በማዘጋጀት ይታወቃል። የጉግል ዴቨሎፐር ግሩፕን የመሳሰሉ በፈቃደኞች የሚመሩ የአበልጻጊዎች ስብስቦችም አሉ።

እነዚህ ሁሉ በአዲስ አበባ ወይም በአቅራቢያዋ ለሚማር ሰው ገና በተማሪነቱ ክፍት ናቸው። አንዱ ጓደኛው ሌላውን ይዞ ይሄዳል፤ በሦስተኛ ዓመቱ አንድ ሃካቶን ላይ ይገኛል፣ በአራተኛው ኢንተርንሺፕ ያገኛል፣ ሲመረቅ የሚያውቁት ሰዎች አሉት። ተማሪዎች በምደባ በመላ አገሪቱ ወደሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች ስለሚላኩ ግን ከአንድ አካባቢ የመጡ ሁለት እኩል ጎበዝ ልጆች በዚህ ረገድ በጣም የተራራቀ ዕድል ይገጥማቸዋል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ትምህርቱን በኢንተርኔት በነጻ ለሁሉም አድርሷል፤ በእኔ ግምት ይህ ትልቅ ነገር ነው። የምስክር ወረቀት በየትኛውም ከተማ ሆኖ ማግኘት ይቻላል፤ የሙያ ባልደረባ ግን በዚያ መንገድ አይገኝም።

ወጣቱ የተወለደው በአማራ ክልል በምትገኝ አነስተኛ ከተማ ነው። በልጅነቱ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተምሮ ዲቁና ተቀብሏል፤ በኋላም በክልል ዩኒቨርሲቲ ሶፍትዌር ምሕንድስና አጥንቶ የመውጫ ፈተና በብዙ የትምህርት መስኮች ለመጀመሪያ ጊዜ በተሰጠበት በ2015 ዓ.ም. ተፈትኖ አለፈ። ወደ ወላጆቹ በተመለሰበት በዚያው ክረምት በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ መቋረጡም ለብዙ ወራት ቆየ። በዚህ ጊዜ ውስጥ በአንድ የስልክ ጥገና ሱቅ እየሠራ፣ አስቀድሞ ላፕቶፑ ላይ የጫናቸውን መመሪያዎች እያነበበ፣ ጓደኞቹ በፍላሽ የሚያመጡለትን ፋይል እየተቀበለ ሙያውን ላለመርሳት ይጥር ነበር። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባ መጥቶ ጀሞ በሚኖረው አጎቱ ቤት ተቀመጠ።

ችግሩ

ወጣቱ ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት ለወራት በራሱ ሞክሯል። ያጋጠሙት እንቅፋቶች ለየብቻ ሲታዩ ትናንሽ ናቸው፤ ተደራርበው ግን ለአገሩ እንግዳ ለሰዉ ባዳ ለሆነ ሰው በሩ የተዘጋ አስመስለውታል።

የመጀመሪያው የሰዓት ጉዳይ ነበር። በአንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ የተለጠፈ የእንግሊዝኛ ማስታወቂያ ዝግጅቱ ቅዳሜ በ2:00 እንደሚጀመር ይገልጽ ነበር። ወጣቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት መሆኑን ተረድቶ ገና ሳይነጋ ከጀሞ ተነሣ፤ ሜክሲኮ ላይ ታክሲ ቀይሮ ቦሌ ወደሚገኘው ሕንፃ ሲደርስ የጥበቃ ሠራተኛው «ዛሬ የሚያስገባ ሰው አልመጣም» ብሎ መለሰው። ዝግጅቱ ከቀኑ 8 ሰዓት ነበር። የሚደውልለት ሰው ስላልነበረው፣ ማስታወቂያውም የስልክ ቁጥር ስላልነበረው፣ ጥቂት ደጅ ቆሞ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ በሌላ ዝግጅት ለመገኘት አልደፈረም። አዲስ አበባ ላደገ የቴክኖሎጂ ሰው በፈረንጅ ሰዓት የተጻፈ ማስታወቂያ ግልጽ ነው፤ ምክንያቱም ዝግጅቶቹ ከሰዓት በኋላ እንደሚደረጉ አስቀድሞ ያውቃል። ያንን አስቀድሞ የማያውቅ ሰው ግን የተጻፈውን እንደተጻፈ ማንበቡ ትክክል ነው።

ሁለተኛው ችግር የቴሌግራም ቡድኖቹ ራሳቸው ናቸው። በሺዎች የሚቆጠር አባል ባለበት ቡድን ውስጥ የለጠፈው ጥያቄ በሥራ ማስታወቂያዎችና በላፕቶፕ ሽያጭ መካከል ተውጦ ቀረ፤ ያገኘው ብቸኛ መልስም ፈልጎ እንዲያነብ የሚነግር ነበር። ሦስተኛው ቋንቋ ነው። ወጣቱ እንግሊዝኛ በደንብ ያነባል፤ በማያውቃቸው ሰዎች መካከል ተነሥቶ በእንግሊዝኛ መጠየቅ ግን ይከብደዋል፤ ገለጻዎቹ ደግሞ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነበሩ፤ ጥያቄውም የሚቀርበው በዚያው ነበር።

ከሁሉም የከበደው ግን የሥራ ማስረጃው ነው። ለቃለ መጠይቅ የጠራው አንድ ድርጅት የጊትሃብ ገጹን (አበልጻጊዎች ኮዳቸውን አስቀምጠው ለሌሎች የሚያሳዩበት ድረ ገጽ ነው) ከፍቶ ከአንድ ዓመት በላይ ምንም እንቅስቃሴ ባለማየቱ «በዚህ ሁሉ ጊዜ ምን ስትሠራ ነበር?» ብሎ ጠየቀው። ወጣቱ የኢንተርኔቱን መቋረጥ እንደ ሰበብ እንዳይቆጠርበት ፈርቶ «ሥራ እየፈለግሁ ነበር» አለ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ግን ለከተማው አንድ የመድኃኒት መደብር የክምችትና የመጠቀሚያ ጊዜ ማብቂያ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ሠርቶ ነበር። ፕሮግራሙ በአንድ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ መብራት ሲጠፋ መረጃው እንዳይበላሽ ጥንቃቄ ተደርጎበታል፤ የመደብሩ ባለቤትም በየቀኑ ይጠቀምበታል። ወጣቱ ፒኤችፒ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈና ኢንተርኔት ላይ የሌለ ነገር እንደ ሥራ የሚቆጠር ስላልመሰለው በሲቪው ላይ አላሰፈረውም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ወጣቱ ወደ ቡድናችን የመጣው አራት ኪሎ በሚገኘው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ካገኘው አንድ አባላችን ጋር በመተዋወቁ ነው። ቦታው በነጻ የሚገለገሉበት በመሆኑ ላፕቶፕ ይዘው የሚመጡ ብዙ ወጣቶች ይሰበሰቡበታል፤ አባላችንም አጠገቡ ተቀምጦ ሲሠራ አይቶት አነጋገረው።

በመጀመሪያ ያደረግነው ለአዲስ ገቢዎች ሁሉ ይደረግ የነበረውን ነው፦ የዝግጅቶችን ዝርዝር ሰጠነው፣ በቴሌግራም ቡድናችን አስገባነው፣ በቀጣዩ ሃካቶን እንዲመዘገብም መከርነው። ተመዘገበ። የተመደበበት ቡድን አባላት ግን ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ የሚተዋወቁ ስለነበሩ የኮዱን ሥራ እርስ በርሳቸው ተከፋፍለው ለእርሱ የማቅረቢያ ስላይድ እንዲያዘጋጅ ተዉለት። ማንም አላስቀየመውም፤ ሁለት ቀን ሙሉ አብሮ ዋለ፣ አብሮ በላ፣ ፎቶግራፍ ተነሣ፤ ከዚያ በኋላ ግን ከቡድኑ አንድም ሰው አልደወለለትም፤ እርሱም አልደወለም።

ከዚህ በኋላ አካሄዱ ተቀየረ። በቡድናችን ውስጥ «ተቀባይ» የሚል ኃላፊነት ተፈጠረና ለወጣቱ አንድ አባል ተመደበለት። የተቀባዩ ሥራ ሙያ ማስተማር አልነበረም፤ በሳምንት አንድ ጊዜ መደወል፣ ቅዳሜ አብሮት መግባት፣ ሰዎችን በስማቸውና በሚሠሩት ሥራ ማስተዋወቅ፣ ቢቀር ደግሞ ለምን እንደቀረ መጠየቅ ነበር። ተቀባዩ የተመረጠው በዕድሜ ብዙ የማይርቀውና እርሱም ከጥቂት ዓመታት በፊት ከክልል የመጣ ሰው ነው። ወጣቱ ለብዙ ሳምንታት «እርስዎ» እያለ ይጠራው ነበር፤ ተቀባዩም በዚህ ላይ ሳይጫነው በራሱ ጊዜ እስኪለውጠው ጠበቀ።

ቀጥሎ ሲቪው እንደገና ተጻፈ። የመድኃኒት መደብሩ ፕሮግራም ከሁሉም በፊት ገባ፤ ማን እንደሚጠቀምበት፣ ምን ችግር እንደፈታ፣ መብራት ሲቋረጥ መረጃውን እንዴት እንደሚጠብቅ በአራት መስመር ተገለጸ። የጊትሃቡ ባዶ ጊዜም በአንድ ዓረፍተ ነገር በቀጥታ ተብራራ፦ በአካባቢው ኢንተርኔት እንዳልነበረና በዚያ ጊዜ ይህንን ፕሮግራም እንደሠራ። የመደብሩን ባለቤት በስልክ አስፈቅዶ፣ የደንበኛና የዋጋ መረጃ ሳይነካ፣ ኮዱን ለማሳየት የሚችልበት መንገድም ተመቻቸ።

ሦስተኛውና ወሳኙ እርምጃ ሥራ መስጠት ነበር። አንድ አባላችን ለሰፈሩ እድር የወርሃዊ መዋጮና የክፍያ መመዝገቢያ ፕሮግራም ሠርቶ ነበር፤ ቡድኑም በትርፍ ጊዜው ይንከባከበዋል። የእድሩ ጸሐፊ ካቀረቧቸው ቅሬታዎች አንዱ ለወጣቱ ተሰጠ፦ ከወረቀት መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ሲገለብጡ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. የተፈጸመን ክፍያ ፕሮግራሙ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» እያለ አልቀበልም አለ፤ ጸሐፊውም ሳይወዱ በግድ በጳጉሜን 5 መዘገቡት።

የጳጉሜን ስህተት

የፕሮግራሙ ኮድ ጳጉሜን ስድስት ቀን የሚሆንበትን ዓመት የሚለየው ዓመቱ ለ4 ያለ ቀሪ በመካፈሉ ነበር። ይህ ከፈረንጆቹ አቆጣጠር የተወሰደ ልማድ ነው፤ በዚህም ምክንያት ፕሮግራሙ የ2016ን ጳጉሜን 6 ሲቀበል የ2015ን ይጥል ነበር። ስህተቱ ተጽፎ ከወራት በላይ ሲቆይ ከእኛ መካከል ያየው ሰው አልነበረም፤ ምክንያቱም ሁላችንም ለሙከራ ያስገባናቸው ቀኖች የመስከረም፣ የጥርና የሰኔ ቀኖች ነበሩ።

ወጣቱ ኮዱን እንዳየ ምክንያቱን አወቀ። ባሕረ ሐሳብ (የቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት) ተምሯልና ወረቀት አውጥቶ ለተቀባዩ አስረዳው፦ ዓመተ ዓለሙ (ከፍጥረት ጀምሮ የተቆጠረው ዓመት) 5500 ሲደመር 2015፣ ማለትም 7515 ነው፤ ለ4 ሲካፈል 1878 ደርሶ 3 ይተርፋል፤ 3 ሲተርፍ ዘመነ ሉቃስ ነው፤ በዘመነ ሉቃስ ደግሞ ጳጉሜን ስድስት ቀን ትሆናለች። ስለዚህም የ2016 ዓ.ም. መስከረም 1 በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 መሆኑ ቀርቶ 12 ላይ ዋለ። ከዚያም በዚያው ወረቀት ላይ 7515ን ከመጠነ ራብዒቱ (ለ4 ሲካፈል ከተገኘው) ከ1878 ጋር ደምሮ፣ ለ7 ገድፎ (አካፍሎ ቀሪውን ወስዶ)፣ የ2015 ዓ.ም. መስከረም 1 እሑድ እንደነበረ አወጣ፤ ተቀባዩ ስልኩ ላይ ያለውን ካላንደር ከፍቶ ሲያይ ቀኑ ትክክል ነበር። ወጣቱ ይህንን ስሌት ለሙከራ መመዘኛ አድርጎ ኮዱ ውስጥ እንዲያስገባው ተስማሙ፤ ማስተካከያው ጥቂት መስመሮች ብቻ ቢሆንም ለብዙ ዓመታት ቀኖች የሚሠራ የሙከራ ኮድ ተጨመረበት።

ማስተካከያውን ፑል ሪኩዌስት (ሌሎች ገምግመው ወደ ዋናው ኮድ እንዲያስገቡት የሚቀርብ ጥያቄ) አድርጎ በላከ ጊዜ ነገሩ ሊበላሽ ተቃርቦ ነበር። የገመገመው ሌላ አባል በእንግሊዝኛ፣ ያለ ሰላምታ፣ አንድ አጭር ጥያቄ ብቻ ጻፈ፦ ይህን ለምን እንዲህ አደረግከው? በሙያው ለቆየ ሰው ይህ የተለመደ ጥያቄ ነው። ወጣቱ ግን እንደ ተግሣጽ ቆጥሮት ዝም አለ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜም ቀረ። ተቀባዩ ደወለለትና ነገሩን ሲረዳ ገምጋሚው ራሱ እንዲደውል አደረገ። «ኧረ እኔ ስላልገባኝ ነው የጠየቅኩህ፤ አስረዳኝ ማለቴ ነው» አለው። ወጣቱም «ያበላሸሁ መስሎኝ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብሎ በስልክ ስለ ዘመነ ሉቃስ አብራራለት፤ ማስተካከያውም በዚያው ቀን ተቀባይነት አገኘ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ የአንድ አዲስ ገቢ የመጀመሪያ ሥራ በጽሑፍ ከመገምገሙ በፊት ገምጋሚው በአካል ወይም በስልክ እንዲያነጋግረው በቡድናችን ተወስኗል።

ከዚህ ቀጥሎ ወጣቱ የእድሩን ጸሐፊ ለማነጋገር ሄደ። እኚህ አዛውንት ከፕሮግራሙ ሠሪ ጋር በስልክ ብቻ ይገናኙ ስለነበር ብዙ ቅሬታቸውን ሳይናገሩ ቆይተዋል። ወጣቱ ቡና ተጋብዞ፣ የወረቀት መዝገቡን አብሯቸው ገልጦ እያየ ሲያወያያቸው ፕሮግራሙ ጳጉሜንን እንደ አንድ ሙሉ ወር ቆጥሮ በየአባሉ ስም ዐሥራ ሦስተኛ መዋጮ እንደሚያስቀምጥ ተገለጠ። እድሩ ግን በጳጉሜን መዋጮ አይሰበስብም። ጸሐፊው ይህንን በየዓመቱ በእጃቸው ሲያጠፉ ኖረዋል። ወጣቱ ያንንም አስተካከለ። ለእኔ ከጉዳዩ ሁሉ የበለጠ ዋጋ ያለው ይህ ክፍል ነው፤ ምክንያቱም እርዳታ ሊደረግለት የመጣ የተባለው ሰው እኛ ያልነበረንን ሁለት ነገር፣ የዘመን አቆጣጠሩን ዕውቀትና ከአዛውንት ጋር ተቀምጦ የማድመጥ ትዕግሥትን፣ ይዞልን መጥቷል።

ያልሠራው

ሃካቶኑ እንዳልሠራ ከላይ ተገልጿል። የቴሌግራም ቡድናችንም ለአዲስ ገቢዎች የጠቀመው ጥቂት ነው፤ በየቀኑ ላልተመለሱ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጥ ተረኛ ከተመደበ በኋላ ትንሽ ተሻሻለ፤ ተረኛው ሥራ ሲበዛበት ግን ይቋረጣል።

ከሁሉም የሚቆጨን የአንዲት ወጣት ሁኔታ ነው። በዚያው ጊዜ ከደቡብ የአገሪቱ ክፍል ተመርቃ የመጣችና ኮተቤ አካባቢ ከእኅቷ ጋር የምትኖር፣ በዌብ ሥራ ከብዙዎቻችን የተሻለ እጅ ያላት ልጅ ነበረች። ተቀባይ ተመድቦላት፣ ሥራም ተሰጥቷት መምጣት ጀምራ ነበር። የቅዳሜው ስብሰባ ግን ከሰዓት በኋላ ተጀምሮ ብዙ ጊዜ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ይዘልቅ ነበር፤ በዚያ ሰዓት መገናኛ ላይ የታክሲ ሰልፍ ረጅም ነው፤ ከታክሲ ወርዳም የምትሄድበት መንገድ ጨለማ ነው። ሁልጊዜ ከስብሰባው መካከል ተነሥታ ትሄድ ስለነበር ሰዎች ሥራቸውን ጨርሰው በነጻነት በሚጨዋወቱበት በመጨረሻው ሰዓት ላይ አትገኝም፤ ብዙ የሥራ ወሬ የሚወራውም ያን ጊዜ ነበር። ቀስ በቀስ ቀረች። የታክሲ ጥሪ አገልግሎቱ የራይድ መሥራች ሳምራዊት ፍቅሩ አገልግሎቱን ለመፍጠር ካነሳሷቸው ምክንያቶች አንዱ ከሥራ አምሽተው ሲወጡ ታክሲ ለማግኘት መቸገራቸው እንደነበር በይፋ ተናግረዋል፤ ስለዚህ ችግሩ በከተማዋ የቴክኖሎጂ ሰዎች ዘንድ ከጥንት የታወቀ ነው። በጥሪ የሚመጣ መኪና ግን ሥራ ለሌላት ምሩቅ በየሳምንቱ የሚቻል ወጪ አይደለም።

ስብሰባውን ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት አደረግነው። ይህም ቅዳሜ ግማሽ ቀን የሚሠሩ አባላትን አስቀርቶብናል፤ ከእነርሱ አንዳንዶቹ ለአዲስ ገቢዎች ሥራ ሊያገናኙ የሚችሉ ነበሩ። ለውጡ በተደረገ ጊዜ ልጅቱ በአንድ ባንክ በገንዘብ ከፋይነት ተቀጥራ ስለነበር ልንመልሳት አልቻልንም። ከእርሷ በኋላ የመጡ ሴቶች ግን በጠዋቱ ሰዓት እስከ መጨረሻው ይቆያሉ።

ውጤቱ

ወጣቱ የእድሩን ሥራ ከጨረሰ በኋላ ሌሎች ሥራዎችን በራሱ መርጦ መሥራት ጀመረ። ኮዱን በግምገማ ወቅት ያየ አንድ አባል በሚሠራበት አነስተኛ ድርጅት የጀማሪ ቦታ ሲከፈት ስሙን አቀረበ። ቃለ መጠይቁ ላይ አብዛኛው ጊዜ ያለፈው ስለ መድኃኒት መደብሩ ፕሮግራም በመጠያየቅ ነው፤ መብራት በመሐል ቢጠፋ ያልተጠናቀቀ ሽያጭ ምን ይሆናል ለሚለው ጥያቄ የሰጠው መልስ ከተሞክሮ የመጣ ነበርና ተቀጠረ። ደመወዙ ዝቅተኛ ነው፤ ሥራውም በሳምንት ስድስት ቀን ስለሆነ አሁን ወደ ስብሰባችን የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። በስልክ ግን አልተለየንም፤ ከእርሱ በኋላ ለመጡ ሁለት ልጆችም ተቀባይ ሆኗል።

በዚህ መንገድ የተቀበልናቸው ሁሉ አልቆዩም። የቆዩትን ከቀሩት ጋር ሳስተያይ ልዩነቱ በችሎታ ላይ አይታየኝም። የቆዩት ከመጡ በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተጠቃሚ ያለው ሥራ በእጃቸው የገባላቸው ናቸው።

ወደ ሌላ ቦታ ሊወሰዱ የሚችሉ ነጥቦች

ለአዲስ ገቢ የሚሰጠው የመጀመሪያ ሥራ በጥንቃቄ መመረጥ አለበት። ለልምምድ ተብሎ የተፈጠረ ሥራ አይጠቅምም፤ ሰውየው ቢተወው ማንም አይጎዳምና። በጥቂት ቀናት ሊያልቅ የሚችል፣ ውጤቱን የሚጠብቅ እውነተኛ ሰው ያለበት፣ ከተቻለም ሰውየው ከመጣበት ሕይወት የሚያውቀውን ነገር የሚጠይቅ ሊሆን ይገባል። ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ ወይም ጅማ ውስጥ ተመሳሳይ ቡድን ያላቸው ሰዎች ከእድር፣ ከእቁብ፣ ከኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም ከትምህርት ቤት መዝገብ እንዲህ ያለ ሥራ ብዙ ያገኛሉ ብዬ አምናለሁ። እንዲህ ያሉ ሥራዎች ለትልልቅ ኩባንያዎች አነስተኛ ሆነው ስለሚታዩ የሚነካቸው ሰው የለም፤ ለተጠቃሚው ግን የየቀን ጉዳይ ናቸው።

ማስታወቂያን በሚመለከት የተደረገው ቀላል ነው፦ ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ሰዓቱ «ከጠዋቱ»፣ «ከቀኑ» ወይም «ከምሽቱ» ከሚል ቃል ጋር፣ የታክሲ መውረጃው ስም፣ በበሩ ላይ መታወቂያ የሚጠየቅ መሆን አለመሆኑ፣ እንዲሁም የሚደወልለት ሰው ስልክ ይጻፋል። ጥያቄ በአማርኛም በሌላ ቋንቋም መጠየቅ እንደሚቻል ሰብሳቢው ገና ከመጀመሪያው ይናገራል፤ መጀመሪያ የሚጠይቀውም አንድ ነባር አባል በአማርኛ ነው።

ቀጣሪዎችንም የሚመለከት ነጥብ አለ። በጊትሃብ ላይ የሚታየው እንቅስቃሴ ኢንተርኔትና የማያቋርጥ መብራት ያለውን ሰው ይጠቅማል። ላለፉት ዓመታት በተለያዩ የአገሪቱ ክፍሎች ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ እንደነበር የሚያውቅ ቀጣሪ «በዚህ ጊዜ ምን ስትሠራ ነበር?» ከማለት ይልቅ «ያለ ኢንተርኔት የሠራኸው ነገር አለ?» ብሎ ቢጠይቅ ብዙ ያልታየ ሥራ ያገኛል። ለአዲስ ገቢውም ሲቪውን አብሮት የሚያይ ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይህንኑ ነው፤ ወጣቶቹ እንደ ሥራ የማይቆጥሩትን ነገር ራሳቸው አያነሡትምና።

የተቀባዩን ድካም አቅልሎ ማየት አይገባም። በየሳምንቱ መደወል ቀላል ይመስላል፤ ሥራና ቤተሰብ ላለው ሰው ግን ከሦስት ወር በላይ ሲዘልቅ ይከብዳል። ስለዚህ አንድ ተቀባይ በአንድ ጊዜ ከሁለት ሰው በላይ አይይዝም፤ ኃላፊነቱም ለሦስት ወር ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያርፋል። ሌላው ችግር ስደት ነው። በሙያው የበሰሉት አባላት ውጭ አገር ዕድል ሲያገኙ በአጭር ጊዜ ውስጥ ይሄዳሉ፤ ወጣቱን የተቀበለው አባላችንም አሁን አገር ውስጥ የለም። ከሄደ በኋላ ሁለት አዲስ ገቢዎች ለሳምንታት ጠያቂ አጥተው ቆይተዋል። አሁን ለእያንዳንዱ አዲስ ገቢ ሁለት ተቀባይ ይመደባል፤ ማን መቼ እንደደወለ፣ ምን ሥራ እንደተሰጠና ቀጥሎ ከማን ጋር ሊተዋወቅ እንደታሰበም ሁለቱ በሚያዩት አንድ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ውጭ የሄዱ አባላትም ኮድ በመገምገም እንዲቀጥሉ ተጠይቀው አንዳንዶቹ እሺ ብለዋል፤ የሰዓት ልዩነቱ ስላለ ግምገማቸው በማግሥቱ ይደርሳል፤ ከመጀመሪያው ግምገማ በፊት የመደወሉ ደንብም እነርሱን ይመለከታል።